ባለ አንድ ሀዲዱ ኮሪደር

ሙቀት ትዕግሥቴን ይጨርሰዋል። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ድሬዳዋ አድጌ፣ አሁንም ድሬዳዋ እየኖርኩ እንዲህ ማለቴ ያስቃል። እናቴ በሕይወት ሳለች "አንቺ ልጅ ለሐረር ተፈጥረሽ መንገድ ላይ ነው የወረድሽው" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ቶሎ እናደዳለሁ፣ ቶሎ እጮኻለሁ፣ ቶሎም ይበርድልኛል። እንጀራዬ የሆነው ሥራ ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ። ሰዎች "ምን ማለት ነው እሱ?" ሲሉኝ፣ "ማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚሠራ ጽፌ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ፤ ከዚያ ለምን እንዳልተሠራ ጽፌ ፋይል ውስጥ አስገባለሁ" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን መቀለዴ አይደለም።

ይህን የማወራውን ሥራ ያገኘሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ በኮሪደር ጫፍ ያለ አሮጌ የዕቃ ክፍል ታድሶ የኩላሊት እጥበት ክፍል ይሁን ተባለ። የምሠራበት ተቋራጭ ጨረታውን አሸነፈ፤ አለቃዬም ማስተባበሩን ለእኔ ሰጠኝ። ሲነግረኝ እንደ ሌላ ጊዜ በጥያቄ አላጣደፍኩትም። ያሰብኩት አባቴን ነበር። የአባቴ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ በሳምንት ሁለት ቀን የደንገጎን ተራራ በሚኒባስ ወጥተን ሐረር እየሄድን ነበር ደሙን የሚታጠበው።

ደንገጎን የወጣ ያውቀዋል። መንገዱ ተራራውን እየዞረ ነው የሚወጣው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ ሎሚ ይዞ ይሳፈራል። አባቴ ስንወጣ ዝም ይላል፣ ስንወርድ ያስመልሰዋል፣ ቤት ስንገባ ጫማውን የሚያወልቅበት ጉልበት አይኖረውም። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ከሐረር ስንመለስ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን በር ላይ ቆሞ ትንፋሹን ከሰበሰበ በኋላ "ስሚኝ ልጄ" አለኝ፤ "እስከ ክረምት እወጣለሁ። ዝናብና ጭጋግ ከገባ በኋላ ግን ደንገጎን አልወጣም።" ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅኩት። "ያልኩት ነው" አለኝና ገባ። እጥበቱን ያቆመ ሰው ብዙ እንደማይቆይ ሁለታችንም ከሐኪሙ ሰምተናል። ወንድሜ አዲስ አበባ ሊወስደው ሞክሮ ነበር፤ "እዚያ ማን ያውቀኛል?" ብሎ መልሶታል። አባቴ አንዴ አልኩ ካለ አለ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሬ ላይ የሥራውን ሰንጠረዥ ሳዘጋጅ የመጨረሻዋን መስመር ከክረምቱ በፊት አስቀመጥኳት። አጠገቧ "ርክክብ" ብዬ ጻፍኩ። ለሌላው ሰው ርክክብ ናት። ለእኔ ግን የአባቴ ዕድሜ ነበረች።

ሰንጠረዡ ያምር ነበር፤ ሌላ ሰው ስለማያመሰግነኝ ራሴ ላመስግነው። እያንዳንዱ ሥራ እንደሚወስደው ጊዜ ረዘም ወይም አጠር ያለ አግድም መስመር አለው። የግንበኞቹ ቡናማ፣ የቧንቧ ሠራተኞቹ ሰማያዊ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ ቢጫ። ሥራ የሚቆምበትን ቀን፣ በዓሉንም ጁምዓውንም እሑዱንም፣ በቀይ አቀለምኩ። በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ለጠፍኩት። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ አንዷ አስታማሚ "ምን ያምራል፣ የጥልፍ ንድፍ ነው?" ብላ ጠይቃኛለች።

ኮሪደሩ ራሱ ግን አያምርም። ጠባብ ነው። በሽተኛ የተኛበት ጋሪ ሲመጣ ሰው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው የሚያሳልፈው። ወደ ክፍሉ ሌላ መግቢያ የለም። አሸዋውም፣ ቧንቧውም፣ ኬብሉም፣ የውኃ ማጣሪያው ታንከርም በዚያች ብቻ ያልፋል። በዚያ ላይ የቀዶ ጥገና ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል በሩ እዚያው ኮሪደር ላይ ነው። የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ሲስተር ከመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቃናለች፤ "በአንድ ጊዜ ከአንድ ቡድን በላይ እዚህ ባይ የምትሠሩበትን ክፍል በር ቆልፌ ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ" ብላለች። ቁመቷ አጭር ነው፣ ድምፅዋ ግን ሆስፒታሉን ይሞላል።

አሁን ስለ ሁለቱ አለቆች ልናገር። የግንበኞቹ አለቃ የለገሀሬ ሰፈር ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በየወሩ ገብርኤልን የሚዘክር ክርስቲያን። የቧንቧ ሠራተኞቹ አለቃ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፤ አጭር፣ ሳቂታ፣ ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም ዓረብኛውንም ከአማርኛው ጋር እየፈተፈተ የሚያወራ ሙስሊም። ልጅ ሆነው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አብረው ኳስ ተጫውተዋል። እንዲህ የሚዋደዱ ሰዎች በማግኘቴ ዕድለኛ ነኝ ብዬ ነበር። መዋደዳቸው ሥራውን ሊገድለው እንደሚችል ማን ያስባል?

የመጀመሪያው ገብርኤል መጣ። በሰንጠረዤ መሠረት ግንበኞቹ ያርፋሉ፣ ቧንቧ ሠራተኞቹ ይሠራሉ። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ዝንብ የለም። የመጋላው አለቃ ጋ ደወልኩ።

"አቦ ዛሬ እኮ ገብርኤል ነው!" አለኝ።

"አንተን ምን አገባህ? አንተ ሙስሊም አይደለህም እንዴ?"

"እና? ጓደኛዬ በዓሉን ሲያከብር እኔ ግድግዳ ላንኳኳ? ነውር አይደለም እንዴ እህቴ? ዋላሂ እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች። አሁን እሱ ቤት ነኝ፤ ዳቦው ሊቆረስ ነው፣ ለምን አትመጪም?"

ስልኩን ዘጋሁ። በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ቧንቧ ሠራተኞቹ ለሶላት ሲሄዱ ግንበኞቹ አካፋቸውን ጥለው አብረዋቸው ወጡ። መስጊድ አይገቡም፤ ግን ጁምዓን ያከብራሉ! ከሶላት በኋላ ምሳ አለ፣ ከምሳ በኋላ ጫት ገብቷል፣ ጫት ከገባ በኋላ ደግሞ ድሬ ውስጥ ሥራ የሚጠይቅ ሰው እንግዳ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹም "ሰው በሌለበት እኛ ብቻ ምን እንሠራለን?" ብለው ሄዱ። ሌላ ሳምንት መጋላ ውስጥ የአንዱ ቧንቧ ሠራተኛ አጎት ሞተ፤ ሦስቱም ቡድን ለቅሶ ላይ ተቀመጠ። እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ምን ላድርግ? ቀዩን ቀለም ያሰላሁት እያንዳንዱ የራሱን ያከብራል ብዬ ነበር። እነሱ ግን የሁሉንም ሁሉም ያከብሩት ነበር።

ሁሉም አብረው ካረፉ ሁሉም አብረው ይመለሳሉ። አንድ ሰኞ ጠዋት አሸዋውም፣ ቧንቧውም፣ የኬብሉ ጥቅልልም በአንድ ጊዜ ኮሪደሩ ውስጥ ገባ። ማንም ወደፊት መሄድ አልቻለም፣ ወደኋላም መመለስ አልቻለም። "አንተ ውጣ"፣ "አንተ መጀመሪያ ውጣ" ሲባል ከቀዶ ጥገና የወጣ በሽተኛ ጋሪ ላይ ተኝቶ ከኋላ ደረሰ። ሲስተር የአሸዋውን ክምር አየች፣ ጋሪውን አየች፣ እኔን አየች። "ሁላችሁም ውጡልኝ!" አለች። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ለስንት ቀን እንደሆነ ብጠይቃት "እስክታስቢበት" አለችኝ።

ሰንጠረዡን በአዲሱ ሁኔታ ሳስተካክለው "ርክክብ" የምትለው መስመር ክረምቱ መሀል ሄዳ ወደቀች። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም እንዲህ ነው፤ አንዱን ስትገፊው ሌላውን ሁሉ እየገፋ ይሄዳል፣ አያዝንም። ደንግጬ ተመለከትኩት። ቢሮ ውስጥ ማንም ስላልነበረ አለቀስኩ።

በማግስቱ የሐረር ቀናችን ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ መስኮት ጋ፣ እኔ አጠገቡ፣ ከእኔ ቀጥላ ደግሞ ከቢዮ አዋሌ ገጠር የምትመጣ ሴት ተቀመጠች። የእጥበት ማሽን ላይ ጎን ለጎን ስለሚተኙ ከአባቴ ጋር ተዋውቀዋል፤ በኦሮምኛ ያወራሉ። ለእጥበቱ ከቤቷ የምትወጣው በዋዜማው ነው፤ መጋላ ዘመድ ጋ አድራ ነው ሐረር የምትወጣው። ትንንሽ ልጆቿን እህቷ ጋ ትታቸው ትመጣለች። ማሽኑ ላይ ሌላው ሰው ሲያንቀላፋ እሷ ዐይኗን አትከድንም፤ መመለሻ መኪና ያመልጠኛል ብላ በሩን በሩን ታያለች። አባቴ "ትንሽ ተኚ እንጂ" ሲላት "ኤዬ አባ"፣ እሺ ለማለት፣ ትለዋለች እንጂ አትተኛም።

ኮምፒውተሬን ጭኔ ላይ ከፍቼ ሰንጠረዡ ላይ አፍጥጫለሁ። አባቴ አንገቱን አስግጎ አየው።

"ይሄ ቀይ ቀዩ ምንድነው?"

"የሚቆሙበት ቀን ነው። ኪሳራ ነው።"

"ባቡር ካልቆመ ሌላው በየት በኩል ያልፋል?" አለኝና ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ዐይኑን ጨፈነ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። እኔ ሰው ሊሞትብኝ ነው የምለው፣ እሱ ስለ ባቡር ያወራል! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የምድር ባቡር ሰው ነበር፤ ቢሮ ተቀምጦ የባቡሮችን ጉዞ የሚቆጣጠር። ሌላው ነገር ሁሉ ለእሱ ወይ ባቡር ነው ወይ ሀዲድ ነው። ግን ሚኒባሱ ሁለት ሦስት ኩርባ እንደዞረ፣ ልጅ ሳለሁ ምሳ ሳደርስለት ቢሮው ግድግዳ ላይ የማየው ትልቅ ወረቀት ትዝ አለኝ።

ወረቀቱ ላይ ከላይ ወደ ታች የጣቢያዎቹ ስም፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሰዓቱ ተጽፏል። እያንዳንዱ ባቡር በእርሳስ የተሠመረች አንዲት ቀጭን ሰያፍ መስመር ናት። የሚወጡት ወደ ላይ፣ የሚወርዱት ወደ ታች። የቆመ ባቡር መስመሩ ቀጥ ብሎ አግድም ይተኛል። ሀዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው፤ አንደኛው ተጠግቶ ሲቆም ሌላው ያልፋል። መስመሮቹ ከጣቢያ ውጪ ከተቆራረጡ ሰው ያልቃል። ስልኩ ይጮኻል፣ ከሩቅ ጣቢያ አንድ ሰው "ደረሰ" ይላል፣ አባቴ መስመሯን በእርሳሱ ጥቂት ይቀጥላታል። በዚያች ቅጽበት በረሃው ውስጥ ያላየሁት ባቡር ይንቀሳቀሳል። ያኔ አባቴ በእርሳስ ባቡር የሚነዳ ሰው ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ብዙም አልተሳሳትኩም።

ከሐረር እንደተመለስን አባቴን አስተኝቼ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ዘረጋሁ። ከታች "የግቢ በር"፣ መሀል ላይ "ኮሪደር"፣ ከላይ "ክፍል" ብዬ ጻፍኩ። ከግራ ወደ ቀኝ ቀኖቹን ደረደርኩ። ሦስቱን ቡድኖች ሦስት ባቡር አድርጌ መስመራቸውን ማስመር ጀመርኩ። የግንበኞቹ ቡናማ መስመር ገብርኤል ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ተኛ፤ ሰማያዊው አጠገቡ አልፎ ወደ ክፍሉ ወጣ። ሰማያዊው ጁምዓ ከሰዓት ሲተኛ ቡናማውና ቢጫው ተራ በተራ አለፉ። እሑድም፣ ቅዳሜም፣ ሁሉም እንደዚያው። አንዱ የቆመበት ቀን በሙሉ የሌላው ማለፊያ ሆነ። የቀድሞው ሰንጠረዤ እያንዳንዱ ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ያሳያል፤ የት እንደሚተላለፉ ግን አያሳይም። ዐይኔን ማመን አቃተኝ። ኪሳራ ብዬ በቀይ የቀባሁት ሁሉ፣ ኮሪደሯ ጠባብ በመሆኗ፣ ያለ እሱ ሥራው የማይሄድበት ነገር ነበር። ብዙ ዓይነት አምላኪና ብዙ ዓይነት ተናጋሪ ያለበት ከተማ፣ በአንድ ቀን ሁሉም እንዳይቆም ሆኖ ተሠርቶ ኖሮ አላየሁትም። የመጨረሻዋን መስመር ሳሠምር ርክክቧ ተመልሳ ከክረምቱ በፊት ገባች። 

አባቴ ሲነቃ ወረቀቱን አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ፣ ረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያ "ቢጫሽና ሰማያዊሽ እዚህ ጋ ይጋጫሉ" ብሎ እርሳሱን ከእጄ ወሰደ። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ተመቻችቶ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። በየመሀሉ ምድር ባቡር በለመደው ፈረንሳይኛ "ዳኮር?" ይለኛል፣ ተስማማን ወይ ማለቱ ነው፤ እኔም "ዳኮር" እላለሁ። እስኪመሽ ድረስ ሠራን።

ሲስተርን ለምኜ በሩን አስከፈትኩ። ሦስቱንም ቡድን ኮሪደሩ ላይ ሰብስቤ አዲሱን ወረቀት ሰቀልኩ። አባቴ "እኔም እመጣለሁ" ብሎ በባጃጅ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አስረዳሁ። የመጋላው አለቃ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"ሥዕሉ ቆንጆ ነው። ግን እሱ ገብርኤልን እያከበረ እኔ እንድሠራ ነው የምትዪው። አይሆንም አቦ። ሰው ምን ይለኛል?"

ይኸው አበቃልን ብዬ ልጮኽ አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

"ባቡር ጣቢያ ላይ ለምንድነው የሚቆመው?"

"ሌላው እንዲያልፍ ነዋ" አለ የመጋላው አለቃ።

"የሚያልፈው ባይመጣስ?"

"ዝም ብሎ ቆሞ ይውላል።"

"ታዲያ እሱ ገብርኤልን ብሎ ሲቆም አንተ ካላለፍክ፣ በዓሉን አከበርክለት ወይስ ቀኑን አባከንክበት?"

 ያልጠበቅኩት የለገሀሬው አለቃ ነው የተናገረው፤ ከስንት አንዴ ስለሚናገር ነው መሰለኝ ሁሉም ዞሮ አየው።

"እውነቱን ነው" አለ። "እኔ ቆሜልህ አንተ ካላለፍክ ለእኔም ደስ አይለኝም። ዝክሩን ወደ ማታ አደርገዋለሁ። ሥራህን ጨርሰህ ና፤ ዳቦው የትም አይሄድም።"

"ዋላሂ?"

"እንግዲህ በማን ልማልልህ?"

ሳቁ ኮሪደሩን ሞላው። የመጋላው አለቃም እንዲህ ከሆነ ብሎ ጁምዓ ከሰዓትን ለግንበኞቹ ሰጠ፤ "ግን ጫት ገባ ብላችሁ እንዳትጠፉ፣ እኔ መስጊድ ሆኜ እናንተን እንዳልረግም!" አላቸው። ሲስተር በበሩ ብቅ ብላ "ጫት የሚባል ነገር እዚህ ኮሪደር ላይ ቅጠሉን እንኳ ባይ" አለች። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም፤ መጨረስም አላስፈለጋትም።

ቀጣዩ ገብርኤል ጠዋት ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ቆሜ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ይደንቀኛል። ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሰዎች ረጅም ቧንቧ በትከሻቸው ተሸክመው ዝም ብለው አለፉ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም። ወረቀቱ ላይ ያለችው ሰማያዊ መስመር ነፍስ ዘርታ ፊት ለፊቴ የምትሄድ መሰለኝ። ልጅ ሳለሁ በረሃው ውስጥ ይሄድ የነበረውን ያላየሁትን ባቡር አሁን በዐይኔ ያየሁት ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የእኔ መሆኑ ቀረ። በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ እያንዳንዱ አለቃ የራሱን ቀለም አንሥቶ የደረሰበት ድረስ መስመሩን ይቀጥላል። ከኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ አማርኛ የማያነቡ ነበሩ፤ ቀለሙን ያነባሉ። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ቧንቧ ሁሉ ግድግዳው ሳይለሰን ፎቶ ይነሣል፣ ከወለሉ ያለው ከፍታ ንድፉ ላይ ይጻፋል። መጀመሪያ "ቧንቧ ምን ፎቶ ያስፈልገዋል፣ ሊያገባ ነው እንዴ?" ብለው ስቀውብኝ ነበር። በኋላ ግን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግድግዳውን ሊበሳ ድሪሉን ካስጠጋ በኋላ ቆም ብሎ ንድፉን አየ፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ በሳ። ከበስተጀርባው ቧንቧው ነበር። ዝም ያለ ግድግዳ ውስጡን እንዲያሳየን ያደረግነው እኛ ነን ብዬ ኮራሁ።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራ ውኃው ነበር። የድሬዳዋን ውኃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል። ያ ውኃ የሰው ደም አጠገብ ሊደርስ አይችልም። ማጣሪያው ተተክሎ ልኬቱ በየጠዋቱና በየማታው ከቧንቧው በላይ በተሰቀለ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ሰነበተ። ቁጥሩ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ የሚፈለገው ላይ ሲደርስ ሲስተር ራሷ አዲስ ማንቆርቆሪያ አምጥታ ውኃውን ደጋግማ አፈላችው። ስንከፍተው ታቹ ያበራል። የመጋላው አለቃ በብርጭቆ ቀድቶ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። "ይሄ ውኃ ነው? ምንም አይልም እኮ!" አለ። እኛም ቀመስን። በእርግጥም ምንም አይልም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደነቀኝ ጣዕም የለም።

ርክክቡ በተባለበት ቀን ሆነ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ይመጣሉ ከተባሉት ማሽኖች የደረሱት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው፣ የቀሩት ከክረምቱ በኋላ ነው የሚመጡት። ሲስተር የታካሚዎቹን ሁኔታ ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋግራ ጥቂት ሰዎች እስከዚያ ሐረር መታጠባቸውን መቀጠል እንዳለባቸው ነገረችን። የአባቴን የክረምት ነገር እሷም ታውቃለች። "የአንቺ አባት ከእነዚህ ውስጥ የለበትም፣ አይዞሽ" አለችኝ። የኮሪደሩን ወረቀት ስለወደደችውም የታካሚዎቹን ተራ እንዲያወጣላት አባቴን ለመነችው። ማን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት፣ የትኛው ማሽን ላይ እንደሚተኛ።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቤታችን ነን፤ የጣሪያው ቬንትሌተር ሞቃቱን አየር ያዞራል። አባቴ ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብሎ ያሠምራል፣ እኔ ቀለሞቹን አቀብለዋለሁ። ከዋሂል ገጠር የሚመጡትን ሽማግሌ፣ መኪናቸው ድሬ በሚገባበት ሰዓት ልክ አደረጋቸው። ተማሪዋን ከትምህርት በኋላ አደረጋት። የዘበኛውን ተራ ከሥራ ፈረቃው ጋር አስማማለት። አንድም መስመር ከሌላው ጋር አልተጋጨም፣ አንድም ማሽን ያለ ሥራ አልቆመም። በእጁ እየተደነቅኩ የእሱን መስመር እጠብቃለሁ። የመጨረሻዋን አሠምሮ አጠገቧ የቢዮ አዋሌዋን ሴት ስም ጻፈ። እርሳሱን አስቀመጠ።

"የአንተስ?" አልኩት።

"ሞላ።"

"ምን ማለት ነው ሞላ? የአንተ ቦታ እኮ ነው እሷን የጻፍክበት!"

"ለሲስተር ነግሬያታለሁ። ከሩቅ የመጣ ባቡር ሲዘገይ የቅርቡ ቆሞ ያሳልፈዋል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። እሷ ከቢዮ አዋሌ ድሬ ደርሳ ገና ደንገጎ ይቀራታል። እኔ እዚሁ ከዚራ ነኝ።"

ጮኽኩበት። ጎረቤት ሰምቷል። ባቡር አይደለህም አልኩት፤ እንደ ባቡር ቆመህ አትጠብቅም፣ ትሞታለህ አልኩት። ያን ሁሉ ወር የሮጥኩት ለማን ይመስልሃል? ለአንተ ብዬ ነው የሠራሁት አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ፤ "ለዚህ ነው ለእሷ መስጠት የቻልኩት። የሰው ቦታ ብሰጥ ሌብነት ነው።"

"ክረምት ላይ ደንገጎን አልወጣም ያልከውስ?"

 መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

"ያኔ ለምን እንደምወጣ አላወቅኩም ነበር" አለኝ።

እንደ ልማዴ በንዴት ተነሥቼ ወጣሁ፣ እንደ ልማዴም በርዶልኝ ተመለስኩ። አባቴን ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ክፍሉ ሥራ በጀመረበት ጠዋት እኛ ሚኒባስ ውስጥ ነበርን። ዝናቡ ሌሊቱን ዘንቦ ደንገጎ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ይዞራል። አባቴ በአንድ እጁ የፊተኛውን ወንበር ይዟል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። ያቺ ሴት ከአጠገቤ አልነበረችም፤ ቦታዋ ላይ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ፤ እንዲህ ያለ መንገድ ስንት ጊዜ ይችላል ብዬ። አናት ላይ ስንደርስ ስልኬ ኔትዎርክ አገኘና ጮኸ። ሲስተር ናት።

"ለአባትሽ ንገሪው" አለችኝ ቀስ ብላ፤ ያን ድምፅ እንደዚያ ዝቅ ሲል ሰምቼው አላውቅም። "የቢዮ አዋሌዋ ማሽኑ ላይ ከወጣች ቆየች። ተኝታለች፤ ድብን ያለ እንቅልፍ ነው የወሰዳት።"

ነገርኩት።

"እሰይ" አለ አባቴ። ወንበሩን ለቆ እጄን ያዘና እሱም ዐይኑን ጨፈነ።